እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ
ስለ ውኃ ላይ ሞተር አደጋና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

የንግድ ሥራ ዕቃን ከአገር ወደ አገር ማሻገር ብቻ አይደለም፤ ከዕቃው ጋር የዕቃውን ጠባይ አብሮ ማሻገርም ነው። ምጣድ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ምጣዱ ብዙ መናገር አያስፈልገውም፤ ገዢዋ ከእርሱ ይልቅ ታውቀዋለችና። አባትና አያት ያላዩት ዕቃ በመጣ ጊዜ ግን ገዢው የሚያውቀው ዋጋውን ብቻ ስለሆነ፣ ጠባዩን የመንገር ዕዳ በሻጩ ላይ ይወድቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረውም እንዲህ ስላለ አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በውጭ አገር ገበያ «ጀት ስኪ» እየተባለ ስለሚጠራው የውኃ ላይ ሞተር ነው።

ይህ መሣሪያ ለመዝናኛ የተሠራ፣ እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው የሚነዱት፣ አንድ ወይም ሁለት፣ አንዳንዱም ሦስት ሰው የሚይዝ ትንሽ ጀልባ ነው። ለንግድ ወደ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ በባሕሩ ዳር በሰዓት ሲከራይ ሳያየው አይቀርም። በአገራችንም በቢሾፍቱ፣ በላንጋኖ፣ በሐዋሳና በጣና ዳር የመዝናኛ ቤቶች በመብዛታቸውና የሞተር ጀልባ ሽርሽር በመለመዱ፣ የውኃ መዝናኛ ዕቃ ራሱን የቻለ የንግድ መስክ ለመሆን መንገድ ይዟል። አስመጪው ትርፉን ከማስላቱ በፊት ይህ ዕቃ በሌላው ዓለም ምን ጉዳት እንዳደረሰና ጉዳቱ በምን እንደሚቀንስ ማወቅ ይገባዋል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ሱቅ ያለው አንባቢ ግን «ሐይቅ በሌለበት አገር ይህ ነገር ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የውኃ ላይ ሞተር ወደዚያ አይወጣም። የደጋው ሰው ግን ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከደብረ ብርሃን እስከ ቢሾፍቱ ያለው መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማልዶ የተነሣ ሰው ከቀትር በፊት ይደርሳል። የመሐል ሜዳው፣ የራቤሉና የዓለም ከተማው ነጋዴ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ ሙሽራው ለጫጉላ ሲወጣ፣ ዘመዱ ከውጭ አገር ሲመጣ፣ ሽርሽሩ ሐይቅ ዳር ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው ወደ ደጋው ባይመጣም አደጋው ሊመጣ ይችላል።

የደጋው ሰውና ውኃ

መንዝ በወንዝ የታጠረ አገር ነው። በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ ይከቡታል፤ የወንዞቹም ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። መርሐቤቴም እንዲሁ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ አገር ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ነጋዴ ውኃን አያውቅም አይባልም፤ እንዲያውም ከመንገድ ችግሮች ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ወንዝን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ጭነቱን ከአጋሰሱ አራግፎ፣ ጎርፉ እስኪጎድል ድረስ ዳር ላይ የሚያድር ሲራራ ነጋዴ ፈሪ አይባልም፤ ዐዋቂ ይባላል። የገበያው ቀን ያልፋል፤ ነገር ግን ሌላ ገበያ አለ።

ይህ ጥበብ በሒሳብም ቢመዘን እውነት ነው። የሚፈስ ውኃ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ጉልበት ላይ የሚደርስ ጎርፍ ጎልማሳ ሰው ከእግሩ ሊጥል ይችላል። የደጋው ሰው ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወንዝ ዳር ተምሮታል።

ሐይቅ ግን ሌላ ነው። ሐይቅ አይጮኽም፣ ድንጋይ አያንከባልልም፣ ቀለሙም አይደፈርስም። ከወንጪት ጎርፍ ፊት የሚያፈገፍግ ጎበዝ በሐይቅ ፊት ልቡ ይፈታል፤ የተኛ መስሎ ይታየዋልና። በዚህ ላይ በብርዳሙ ደጋ ለዋና የሚመች ረጋ ያለና ሞቅ ያለ ውኃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ብዙው ሰው ዋና ሳይለምድ ያድጋል። አባቶች «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» ያሉት ተረት ለዚህ ዓይነቱ ውኃ ይበልጥ ይስማማል።

የመሣሪያው አመጣጥና አሠራር

የውኃ ላይ ሞተር ሐሳብ የመጣው ክሌይተን ጃኮብሰን ከሚባል አሜሪካዊ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነው። የካናዳው የቦምባርዲየር ኩባንያ «ሲ-ዱ» የተባለውን የመጀመሪያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበ፤ የጃፓኑ ካዋሳኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ጀት ስኪ» የተባለውን፣ ቆመው የሚነዱትን ዓይነት አወጣ። «ጀት ስኪ» የካዋሳኪ የንግድ ስም ሲሆን ዛሬ በሰው አፍ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያማሃ ተቀምጠው የሚነዱትን ሁለት ሰው የሚይዝ ዓይነት ካወጣ በኋላ፣ ዕቃው ከስፖርተኞች እጅ ወጥቶ የቤተሰብ መዝናኛ ሆነ፤ አደጋውም ከዚያ ወዲህ በረከተ።

አሠራሩን ማወቅ የአደጋውን ምክንያት ማወቅ ነው። የሌላው ሞተር ጀልባ መቅዘፊያ ከጀልባው በስተኋላ በግልጥ ይዞራል። የውኃ ላይ ሞተር ግን መቅዘፊያው በሆዱ ውስጥ የተደበቀ ነው። ከሥሩ ባለው ወንፊት ውኃ ይስባል፤ የሳበውንም ውኃ በኋላው አፈ ሙዝ በብርቱ ኃይል ይተፋል፤ ወደ ፊት የሚገፋውም ይኸው የሚተፋው ውኃ ነው። መሪው ሲጠመዘዝ የሚዞረው አፈ ሙዙ ነው፤ በተለመደው ሥሪት መሪው የሚታዘዘው ውኃው እየተተፋ ሳለ ብቻ ነው።

የመንዝና የግሼ ሰው ፈረስና በቅሎ ያውቃልና በዚህ ምሳሌ ቢረዳው ይቀላል። ፈረሰኛ ገደል ባየ ጊዜ ልጓሙን ይስባል፤ ፈረሱም ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ተሳበበት ይዞራል። የውኃ ላይ ሞተር ነጂ ግን ከፊቱ ጀልባ ወይም ድንጋይ ባየ ጊዜ ደንግጦ የነዳጅ መስጫውን ከለቀቀ፣ ልጓሙ ከእጁ እንደ ተበጠሰ ይቆጠራል፤ መሪውን ወደ ፈለገበት ቢጠመዝዘው መሣሪያው በያዘው አቅጣጫ መንሸራተቱን ይቀጥላል። ፍሬን የሌለው መሣሪያ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ ነዳጁ ሲለቀቅ ለመቆም 100 ሜትር ያህል ሊፈጅበት ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ደግሞ በአንዲት ሰኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ያልሠለጠነ ሰው በድንጋጤ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ነዳጁን መልቀቅ ስለሆነ፣ የብዙው ግጭት ምሥጢር ከዚህ ላይ ነው።

አደጋው በምን ይደርሳል?

በውኃ ላይ የሚደርስ አደጋ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው መስጠምን ነው። በዚህ መሣሪያ ግን ነገሩ የተለየ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከመዝናኛ ጀልባዎች ሁሉ ቀዳሚው የሞት ምክንያት መስጠም ያልሆነው በውኃ ላይ ሞተር ብቻ መሆኑን ገልጧል፤ በዚህ መሣሪያ ይበልጥ የሚገድለው የግጭት ምት ነው። በዚያው ጥናት እንደ ተመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ይህ መሣሪያ በአሜሪካ ከተመዘገቡት የመዝናኛ ጀልባዎች መካከል 7.5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አደጋ ከደረሰባቸው ጀልባዎች ግን 36 በመቶውን ይዞ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናትም፣ በዚህ መሣሪያ ተጎድተው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሄዱ ሰዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. 2,860 ገደማ የነበረው በ1995 ዓ.ም. ከ12,000 በላይ መድረሱን፣ የጉዳቱም መጠን ከሌላው ሞተር ጀልባ ጋር ሲነጻጸር 8.5 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሮቹ የቆዩ ናቸው፤ ትምህርታቸው ግን አላረጀም። ዕቃው በገበያ ላይ በፍጥነት ሲስፋፋ፣ ዕውቀቱና ሕጉ ግን ወደ ኋላ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያሉና፤ በእኛ አገር ገና በመጀመሪያው ላይ ያለነውም ከዚህ ለመማር ዕድል አለን።

ጉዳቶቹ በአራት ይከፈላሉ። አንደኛው ግጭት ነው። ከሌላ ጀልባ፣ ከድልድይ እግር፣ ከድንጋይ ወይም ከዋናተኛ ጋር የሚደርስ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጋጩት አብረው የወጡና እርስ በርስ የሚሽቀዳደሙ ጓደኛሞች ናቸው። ራስን፣ ደረትንና እግርን ይሰብራል።

ሁለተኛው ውድቀት ነው። በፍጥነት የሚመታ ውኃ እንደ ልስልስ ነገር አይቆጠርም። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው ወደ ኋላ በወደቀ ጊዜ ደግሞ ከአፈ ሙዙ የሚወጣው የውኃ ኃይል ከወገብ በታች ባለው የውስጥ አካል ላይ ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህም ነው ሠሪዎቹ ነጂውም ተፈናጣጩም ወፍራም የዋና ሱሪ እንዲለብሱ የሚያሳስቡት። ይህን ጉዳይ ለደንበኛ መንገር የሚያሳፍር ቢመስልም፣ ባለ መንገር የሚመጣው ሐዘን ግን ከሐፍረት ይብሳል።

ሦስተኛው በወንፊቱ በኩል የሚመጣ ነው። ውኃ የሚስበው ወንፊት ረጅም ፀጉርን፣ ገመድንና የተንዘረፈፈ ልብስን ይስባል። ነጠላ ወይም ሻሽ ጣል አድርጎ በዚህ መሣሪያ መፈናጠጥ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ በአጠገቡ መዋኘት ፈጽሞ አይገባም። አረም የያዘውን ወንፊት ለማጽዳት እጅ የሚገባውም ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

አራተኛው እሳት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ነዳጅ ከተሞላ በኋላ መቀመጫው ተከፍቶ አየር ሳያገኝ ሞተር ማስነሣት ፍንዳታ ሊያመጣ ይችላል።

የእኛ ሐይቆች ጠባይ

ከባሕር ማዶ የሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ የእኛን ሐይቆች አያውቅም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ ቢሾፍቱም ከዚያ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያለ አየር መጭመቂያ የሚሠራ ሞተር የኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ ይህም ማለት ገዢው «ጉልበት አነሰው» ብሎ ከሚገባው በላይ የሆነ ሞተር እንዲያዝዝ ይፈተናል ማለት ነው።

በጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው እምቦጭ የተባለው አረም የመሣሪያውን ወንፊት ይደፍናል። በጣናም በሐዋሳም ጉማሬ አለ። ከሁሉ በላይ ግን በእነዚህ ሐይቆች ላይ ሠርቶ የሚበላ ሰው አለ፤ በጣና የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው፣ በሐዋሳ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማይል ከሩቅ አይታይም። ታንኳው የፈጣን ሞተርን ማዕበል አይችልም። የአንዱ መዝናኛ የሌላውን እንጀራ እንዳይገለብጥ፣ ከዳርቻ፣ ከዋናተኛና ከታንኳ ርቆ መንዳት፣ በአጠገባቸው ሲያልፉም በእርምጃ ያህል መሄድ የመጀመሪያው ደንብ ሊሆን ይገባል። ውኃውም ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች ጥልቀት ባለው ስፍራ ሞተሩ አሸዋና ጠጠር ስለሚስብ፣ ለመሣሪያውም ለሰውም አይበጅም።

የአስመጪው፣ የአከራዩና የባለ ሱቁ ድርሻ

አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። በመጀመሪያ፣ ፍሬን ያለው መሆኑን ይመርምር። የ«ሲ-ዱ» ሠሪ ፍሬን ያለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. አውጥቷል፤ ነዳጅ ሲለቀቅም መሪው እንዲታዘዝ የሚረዱ ሌሎች ዘዴዎችም በአዳዲሶቹ ላይ ይገኛሉ። ያገለገለ ዕቃ በርካሽ የሚገዛ አስመጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሌለውን አሮጌውን ዓይነት ይገዛል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የማጥፊያው ገመድ መኖሩን ያረጋግጥ። ይህ በነጂው አንጓ ወይም በጃኬቱ ላይ የሚታሰር አጭር ገመድ ነጂው ሲወድቅ ከመሣሪያው ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን የነፍስ ነው። ሦስተኛ፣ በመቀመጫው ልክ በየመጠኑ የሕይወት አድን ጃኬት አብሮ ያስመጣ። የአገር ውስጥ ውኃ ትራንስፖርትን የሚመለከተውን ደንብም ከኢትዮጵያ ማሪታይም ባለ ሥልጣን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ዕቃ ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ የመጋዘን ኪራይ ያስከፍላልና።

አከራዩ ደግሞ ሒሳቡን በሰዓት ብቻ አያስላ። ከመነሣቱ በፊት ለደንበኛው አሥር ደቂቃ ያስተምር፤ ከሁሉም አብልጦ «ለመታጠፍ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ነዳጁን ከለቀቅህ አይታጠፍልህም» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይንገር፣ በዳርቻውም ቀስ እያለ ያለማምድ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ማንም ሰው ይህን መሣሪያ እንዳይነዳ ይመክራል። አባት «ልጄ ጎበዝ ነው» ቢል፣ ገንዘብም ቢጨምር፣ አከራዩ እንቢ ይበል። መጠጥ ለቀመሰ ሰውም እንዲሁ። ጓደኛሞችን በአንድ ጊዜ ሲያሰማራ በመካከላቸው ርቀት እንዲኖር ያዝዝ፤ ዳር ላይም ለእርዳታ የተዘጋጀ ጀልባና ዋናተኛ ያቁም።

ይህ የደግነት ምክር ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመሣሪያ ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መሣሪያው በሌላ ሰው እጅ ሳለም እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መሣሪያው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ግን ከኃላፊነት ይድናል። እንግዲህ የተከራየ ወጣት አንድ ዓሣ አጥማጅ ቢገጭ፣ ወጣቱ ወደ ቤቱ ቢሄድም ባለ ንብረቱ ከችሎት ፊት መቅረቱ አይቀርም። የአንድ ሰው የአካል ጉዳት ካሣ የብዙ ወራት ኪራይ ሊበላ ይችላል፤ የሞተ ሰው ደግሞ በካሣ አይመለስም።

የደጋው ባለ ሱቅም ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ድርሻ አለው። የሕይወት አድን ጃኬት የሐይቅ ዕቃ ብቻ አይደለም። በክረምት ወደ ወንጪት፣ ወደ ጀማና ወደ አዳባይ ለሚወርድ መንገደኛ ጃኬቱ ከጃንጥላ የማይተናነስ ዕቃ ነው። ሰው በውኃ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚጎድለው ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ 7 ወይም 10 ኪሎ የሚያነሣ ጃኬት ይበቃዋል። ጃኬት በሌለበት በየሱቁ የሚገኘው ባዶ ጀሪካን እንኳ ክዳኑ ከጠበቀ፣ ባለ 20 ሊትሩ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ተሸክሞ ይንሳፈፋል። ገመድ ታስሮበት በወንዙ መሻገሪያ ዳር ቢቀመጥ ውኃ ለወሰደው ሰው ሊወረወርለት ይችላል፤ ዋና የማያውቅ ሰው ወገኑን ለማዳን ዘሎ ገብቶ ሁለት ሐዘን ከሚሆን፣ ገመድና ጀሪካን መወርወር ይሻላል። ይሁን እንጂ ጃኬትም ጀሪካንም የሞላ ወንዝ መዳፈሪያ አይደሉም፤ ጎርፉ እስኪጎድል የሚጠብቀው የአባቶች ደንብ እንደ ጸና ይኖራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደ ሞቱ፣ ከእነዚህም ከአሥሩ ከዘጠኙ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደ ነበሩ አስታውቋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ጁላይ 25 ቀን የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስኗል። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 18 ነው፤ ወንዞቻችን የሚሞሉበት ወራት ነውና በየገበያው ለሚነገር ማስጠንቀቂያ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

የመኪና ንግድ በአገራችን ሲስፋፋ መንጃ ፈቃዱ፣ የመንገድ ደንቡና መድኑ ከብዙ ጉዳት በኋላ አንድ በአንድ ተከትለውት መጡ። በውኃ መዝናኛ ዕቃ ግን ነገሩ ገና በእጅ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ነጋዴው ሞተሩን ከጃኬቱ፣ ከማጥፊያው ገመድና ከአሥር ደቂቃው ትምህርት ጋር አንድ ዕቃ አድርጎ ቢቆጥር፣ አንዱንም ያለ ሌላው ባይሸጥና ባያከራይ፣ ንግዱም ይሰነብታል፤ ለጫጉላው ወደ ሐይቅ የወረደው የደጋው ሙሽራም በሰላም ወደ ቀዬው ይመለሳል።